ጋዝ የሚለይ ፕላስቲክ ለጎጃም ምን ይሠራል?

የኮምፕረሰር (የአየር መጭመቂያ) ካታሎግ የሚጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። «በደቂቃ 10 ሜትር ኩብ» የተባለለት መሣሪያ ደብረ ማርቆስ ላይ ቢተከልም 10 ሜትር ኩብ መሳቡን አይተውም፤ የሚስበው አየር ግን ስስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 1 ባር ያህል ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር 0.81 ባር አካባቢ ታገኛለች። ያ መሣሪያ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያቀርበው አየር በክብደት ቢመዘን የካታሎጉን ሦስት አራተኛ ብቻ ይሆናል። ስለ ጋዝ መለያ ሜምብሬን፣ አንዱን ጋዝ ከሌላው ስለሚለየው ስስ ፕላስቲክ፣ ሲወራ ይህ ቁጥር እምብዛም አይነሳም። የሚነሳው ሜምብሬኑ ራሱ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ኬሚካል አይፈልግም፣ ጥሬ ዕቃው አየር ነው። ሁሉም እውነት ነው። ወጪው ያለው ግን ሜምብሬኑ ላይ ሳይሆን ከፊቱ በሚቆመው ግፊት ላይ ነው፤ ጎጃም ላይ ደግሞ ግፊት ከቆላው ይልቅ ውድ ነው።

ሜምብሬን ለጎጃም የሚታሰብባቸው ቦታዎች የሆስፒታል ኦክስጅን፣ የባዮጋዝ ማጥራት፣ የእህልና የፍራፍሬ ማከማቻ ናቸው። እኩል አያዋጡም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ፕላስቲኩ ጋዝን እንዴት እንደሚለይ ማየት ይቀድማል።

ወንፊት አይደለም

ሜምብሬን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወንፊትን ነው። የኦክስጅን ሞለኪውል 0.346 ናኖ ሜትር፣ የናይትሮጅን 0.364 ናኖ ሜትር ይለካል፤ ልዩነታቸው 5 በመቶ ነው። ይህን ልዩነት የሚያበጥር፣ ቀዳዳው ሁሉ እኩል የሆነ ወንፊት ከተራ ፕላስቲክ አይሠራም። ፖሊመር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ጋዙ ከፍተኛ ግፊት ባለበት በኩል ፕላስቲኩ ውስጥ ይሟሟል፤ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች ሲርገበገቡ ለቅጽበት በሚከፈተው ክፍተት እየዘለለ ይጓዛል፤ ግፊቱ ዝቅ ባለበት በኩል ይወጣል። ፈተናው ሁለት ነው፤ መሟሟትና መጓዝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደንብ ይሟሟል፣ 0.33 ናኖ ሜትር ስለሆነም በቀላሉ ይጓዛል። ሚቴን 0.38 ነውና ወደኋላ ይቀራል። በአፍ የተነፋ ፊኛ በማግሥቱ የሚሟሽሸው ቀዳዳ ኖሮት ሳይሆን በዚሁ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የሚያመልጠውም ከትንፋሻችን የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1866 በስስ ጎማ ውስጥ አየር አሳልፎ 41 በመቶ ኦክስጅን ያለው ጋዝ አግኝቶ ነበር። ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ ለመውጣት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። የአሜሪካው ሞንሳንቶ ከአሞንያ ፋብሪካ የሚባክነውን ሃይድሮጅን የሚመልስ የሜምብሬን ክር ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት ውፍረት ነው። ፖሊሰልፎን የተባለውን ፕላስቲክ እንውሰድ። የጋዝ አሳላፊነት በባረር ይለካል፤ በፖሊሰልፎን ኦክስጅን 1.4 ባረር፣ ናይትሮጅን 0.25 ባረር ያልፋል። ስለዚህ ኦክስጅንን 5.6 እጥፍ ይመርጣል። መምረጡ ጥሩ ነው፤ ማሳለፉ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ከአየር ውስጥ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ኦክስጅን አውጥቶ 95 በመቶ ናይትሮጅን የሆነ ጋዝ እንዲተርፍ ለማድረግ፣ በ7 ባር ግፊት ሲሰላ፣ 400 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ይጠይቃል። ይህም የሚመርጠው ስስ ንብርብር፣ ማለትም ቆዳው፣ 0.1 ማይክሮ ሜትር ብቻ ከወፈረ ነው። ያው ፖሊሰልፎን እንደ ወፍራም ፌስታል 50 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 500 እጥፍ ያድጋል፤ 20 ሄክታር፣ በገበሬው ልክ 80 ጥማድ መሬት ይሆናል። 80 ጥማድ ፌስታል ዘርግቶ በ7 ባር የሚነፋው የለም።

ዘዴው ቆዳውን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛበት ድጋፍ ላይ አጣብቆ መሥራት፣ ያንንም እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት በሆነ ቀጭን ክር መልክ ማውጣት ነው። ክሩ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢወፍርና የቱቦውን ግማሽ ቢሞላ፣ 400 ካሬ ሜትሩ 60 ሊትር ቦታ ውስጥ ይገባል። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። የክሮቹ ጫፍ በኢፖክሲ ይታሰርና በብረት ቱቦ ውስጥ ይታሸጋል፤ አየሩ በአንድ ጫፍ ገብቶ በክሮቹ ሆድ ውስጥ ሲሄድ ኦክስጅኑ በጎን እየሾለከ ይወጣል፣ ናይትሮጅኑ በሌላው ጫፍ በግፊቱ እንዳለ ይደርሳል።

ቆዳው ያን ያህል ሲሳሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከስፋቱ አንድ ሚሊዮንኛው እንኳ ቀዳዳ ከሆነ መራጭነቱ ይጠፋል፤ ጋዝ በቀዳዳ ሲያልፍ ከፕላስቲኩ ይልቅ እጅግ ይፈጥናልና። ሞንሳንቶ ያገኘው ዘዴ በኋላ ሲታይ ቀላል ነው፤ ክሩን በሲሊኮን ጎማ መለቅለቅ። ሲሊኮን 600 ባረር ኦክስጅን ስለሚያሳልፍ መንገድ አይዘጋም፣ ቀዳዳዋን ግን ይደፍናል። ለብቻው ቢሆን ዋጋ የለውም፤ ናይትሮጅኑንም 280 ባረር ያህል ስለሚለቅ የሚመርጠው 2 እጥፍ ብቻ ነው። ብዙ የሚያሳልፍ አይመርጥም፣ የሚመርጥ አያሳልፍም። ሮብሰን የተባለው ተመራማሪ ይህን በቁጥር መስመር ያሰመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ በ2008 አሻሽሎታል፤ ዛሬም አዲስ ፖሊመር ሲወጣ የሚመዘነው በዚያ መስመር ነው።

ኦክስጅን፦ እዚህ ላይ አይሆንም

ለሆስፒታል በቦታው የሚመረት ኦክስጅን 93 በመቶ፣ ቢበዛ ሦስት ከፍ ወይም ሦስት ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ኦክስጅንን 6 እጥፍ የሚመርጥ ሜምብሬን፣ ግፊቱ ወሰን የለውም ብለን ብናስብ እንኳ፣ ከአየር የሚያወጣው የመጀመሪያ ጠብታ 61 በመቶ ነው። ግራሃም የተጠቀመበት ዓይነት ጎማ ወይም ሲሊኮን ከሆነ ደግሞ ከ35 እስከ 42 በመቶ አካባቢ ነው። በእውነተኛ ግፊትና ሊጠቅም በሚችል መጠን ሲሠራ ጥሩው ሜምብሬንም ከ35 እስከ 45 በመቶ ላይ ይቆማል። ያን ሰብስቦ እንደገና በኮምፕረሰር ጨምቆ ሁለተኛ ሜምብሬን ላይ ቢወስዱት ቢበዛ ወደ 80 ይጠጋል፤ ሦስተኛ ዙር ያስፈልጋል። ኦክስጅን የበዛበት ጋዝ መጭመቅ ደግሞ ዘይት የማይነካው ልዩ ኮምፕረሰር ይጠይቃል፤ ዘይትና ኦክስጅን በግፊት ሲገናኙ ይቃጠላሉ።

ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ሌላ ነው። ዚዮላይት በተባለ ማዕድን የተሞሉ ሁለት ጋኖች ተራ በተራ ናይትሮጅኑን እየያዙ ይለቁታል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። አርጎን የተባለውን በአየር ውስጥ ያለ ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ ከ95 በመቶ ትንሽ አልፎ ይቆማል፤ ለሕክምና ይበቃል። ስለዚህ ለሆስፒታል ሜምብሬን ላቅርብ የሚል ጨረታ ሲመጣ ማኅደሩን መዝጋት ነው። የኮምፕረሰሩና የከፍታው ጉዳይ ግን ለዚዮላይቱም ያው ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ውሃና ስለ ዘይት የሚባለው ዚዮላይትን እንዲያውም ይብስበታል።

ናይትሮጅን፦ ንጽሕናን መግዛት

ያው ሜምብሬን ለኦክስጅን የማይሆነውን ያህል ለናይትሮጅን ይሆናል፤ ጥያቄው «ስንት በመቶ?» ነው። 6 እጥፍ የሚመርጥ ሜምብሬን በጥሩ ሁኔታ ሲሰላ (አርጎኑን ከናይትሮጅን ጋር ቆጥረን) አንድ ሜትር ኩብ 95 በመቶ ናይትሮጅን ለማግኘት 1.7 ሜትር ኩብ አየር ይበላል። ለ99 በመቶ 2.4፣ ለ99.5 በመቶ 2.8፣ ለ99.9 በመቶ 3.9። በተግባር ከዚህ ይብሳል እንጂ አይሻልም። አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 7 ባር ለማድረስ 0.11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃልና፣ የመጨረሻዎቹ ነጥቦች በመብራት ቆጣሪ ላይ ይቆጠራሉ።

ጎጃም ውስጥ ይህ ሒሳብ የሚገጥመው ዕቃ አቮካዶ ነው። በሜጫ፣ በቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ ይለማል፤ አቮካዶም በዚያ ይተከላል። ለውጭ ገበያ የሚላከው ሃስ የተባለው ዝርያ በቅዝቃዜ ላይ ኦክስጅኑ ከ2 እስከ 5 በመቶ ሲወርድለት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ከ3 እስከ 10 በመቶ ሲሆንለት ትንፋሹ ይቀንሳል፤ መብሰሉም ይዘገያል። ወደብ እስኪደርስና ባሕር እስኪሻገር የሚገኘው ተጨማሪ ሳምንት እዚያ ላይ ነው።

አንድ ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ዕቃ ከገባበት በኋላ 30 ሜትር ኩብ ያህል ባዶ አየር ይቀርበታል እንበል። ያን ከ21 በመቶ ኦክስጅን ወደ 4 በመቶ ለማውረድ በ97 በመቶ ናይትሮጅን ቢነፋ 87 ሜትር ኩብ ናይትሮጅን፣ ማለትም 163 ሜትር ኩብ አየር ይወስዳል። በ98 በመቶ ቢሆን አየሩ ወደ 140 ይወርዳል፤ በ99 ወደ 137፤ በ99.5 ደግሞ ተመልሶ ወደ 147 ይወጣል። በ95 በመቶ ናይትሮጅን 4 በመቶ ላይ ፈጽሞ አይደረስም፤ የሚነፋው ራሱ 5 በመቶ ኦክስጅን አለው። ከ98 እስከ 99 ያለውን መግዛት ይበቃል። ሻጭ ሲመጣ «99.9 እንሰጣለን» ማለቱ አይቀርም። ለአቮካዶ የማይጠቅም ዘጠኝ ነው።

የበቆሎ መጋዘን ግን ሌላ ነው። ነቀዝ በአስተማማኝ የሚሞተው ኦክስጅኑ ወደ 1 በመቶና ከዚያ በታች ወርዶ ለሳምንታት ሲቆይ ነው፤ እህሉ በቀዘቀዘ ቁጥር ነቀዙ ትንፋሹን ስለሚቀንስ ጊዜው ይረዝማል። የጎጃም ደጋ እህል ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። 99.5 በመቶ ናይትሮጅን ማምረት፣ የሸራውን ስፌት ሁሉ አየር እንዳያስገባ ማሸግ፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት የሚሾልከውን እየሞሉ መቆየት፤ ይህን ሁሉ ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቡሬ የኅብረት ሥራ መጋዘን አልመክርም። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ሥራውን ያለ መብራት ይሠራል። ውስጡ ያሉት ሁለቱ የፖሊኢቲሊን ላስቲኮች እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮ ሜትር ያህል ይወፍራሉ፤ ነቀዙ በውስጥ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርሳል፣ ላስቲኩ ደግሞ ከውጭ አያስገባም። ሳይንሱ ያው ነው፤ እዚህ የሚፈለገው የማያሳልፍ ፖሊመር መሆኑ ብቻ ይለያል። በ100 ኪሎ ከረጢት ግድግዳ በቀን የሚገባው ኦክስጅን ሲሰላ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ ነው። አፉ በደንብ ሳይጠመዘዝ ቢታሰር ወይም አይጥ ብትነድለው ግን ሒሳቡ ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው፤ ያልደረቀ በቆሎ መክተት ደግሞ ሁለተኛው ጥፋት ነው።

ከፍታው የሚወስደውና የሚመልሰው

ስለ ከፍታ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግማሹ ብቻ ነው። ኮምፕረሰሩ ይጎዳል፤ ሜምብሬኑ ግን ትንሽ ያተርፋል።

የግፊት መለኪያው 7 ባር ሲያነብ በባሕር ጠለል በእውነተኛ ግፊት 8 ባር ነው፤ በሌላኛው ወገን ያለው አየር 1 ባር ስለሆነ ሬሾው 8 ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ላይ ያው ንባብ 7.75 ባር ነው፤ የሾለከው ጋዝ የሚወጣበት አየር 0.75 ስለሆነ ሬሾው ከ10 ያልፋል። ሬሾው ሲያድግ ሜምብሬኑ የመምረጥ ችሎታውን በተሻለ ይጠቀማል፤ የሚሾልከው ጋዝ መጠን ግን ብዙም አይለወጥም፣ የሁለቱ ወገን ልዩነት ያው 7 ባር ነውና።

ኮምፕረሰሩ ጋ ሲመጣ ከ8 እጥፍ ይልቅ ከ10 እጥፍ በላይ መጭመቅ አለበት፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ አየር ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ነው። የበለጠ ይሞቃል፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ደግሞ ስስ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው የሚሰላላቸው፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀነስላቸዋል። ጄኔሬተሩም እንዲሁ። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ወይም ደብረ ወርቅ ላይ የሚተከል ከሆነ የሚፈለገውን አየር በ0.75 ከፍሎ መጠን መምረጥ፣ ሞተሩን አንድ እርከን ከፍ ማድረግ፣ የማቀዝቀዣውን ራዲያተር ማስፋት ያስፈልጋል። ይህ ያልተደረገለት ኮምፕረሰር በመጀመሪያው በጋ በሙቀት እየጠፋ ያስቸግራል፤ ጥፋቱም በሜምብሬኑ ይላከካል።

ከሜምብሬኑ በፊት ያለው

ሜምብሬን የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን በሚመጣለት ቆሻሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ የአየር መሳቢያ ፊልተር፣ ኮምፕረሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ የውሃ መለያ፣ አየሩን ወደ 3 ዲግሪ አቀዝቅዞ የሚያደርቅ ማድረቂያ፣ የ1 ማይክሮ ሜትር ፊልተር፣ የ0.01 ማይክሮ ሜትር ፊልተር፣ የከሰል ጋን፣ የከሰል ብናኝ የሚይዝ ፊልተር፣ ማሞቂያ፣ ከዚያ ሜምብሬኑ፣ ከኋላው የፍሰት መቆጣጠሪያ ቫልቭና የኦክስጅን መለኪያ።

ውሃው ከምትገምተው በላይ ነው። በክረምት፣ አየሩ እርጥበት ሲጠግብ፣ በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ውሃ ይይዛል። 10 ሜትር ኩብ የባሕር ዳር አየር ተጨምቆ ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ170 ግራሙ 140 ያህሉ ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል። በደቂቃ 5 ሜትር ኩብ የሚስብ ኮምፕረሰር በሰዓት 4 ሊትር ውሃ ያወጣል፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ጀሪካን። ያን የሚያፈስሰው ትንሹ አውቶማቲክ ቫልቭ በዝገት ወይም በዘይት ጭቃ ከተዘጋ ውሃው የሚሄደው ወደ ፊት ነው። ማድረቂያው ይጥለቀለቃል፣ ከሰሉ ይረጥባል፣ የረጠበ ከሰል ደግሞ የዘይት ትነት አይዝም። በሐምሌና በነሐሴ ያንን ቫልቭ በየቀኑ በእጅ መሞከር ያዋጣል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ውድ ጥፋት የሚያመጣውም እሱ ነው።

ዘይት ቀጥሎ ይመጣል። ዘይት የሚቀባ የስክሩ ኮምፕረሰር በየሜትር ኩቡ ጥቂት ሚሊ ግራም ዘይት ያሳልፋል። ዘይቱ ክሩ ላይ ሲደርስ ቆዳውን ይሸፍናል፤ አንዳንዱን ፖሊመር ያሳብጣል፤ አይታጠብም። የከሰሉ ጋን ሲጠግብ የሚጮህ ደወል የለም፤ በሰዓት ተቆጥሮ ነው የሚለወጠው፣ አየሩ በሞቀ ቁጥርም ዕድሜው ያጥራል።

መሳቢያው የት እንደሚቆም በአገሩ ተሞክሮ መወሰን አለበት። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል የአካባቢው ኑሮ ነው። የከሰል ምድጃ ጭስ ሬንጅ መሰል ትነት ይዟል፤ ፊልተር አልፎ የከሰል ጋኑን በቶሎ ይሞላል። መሳቢያውን ከጭሱ ነፋስ ተቃራኒ፣ ከጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫም አርቆ፣ ከአቧራው ከፍ አድርጎ መትከል ከየትኛውም ውድ ፊልተር ይሻላል።

ማሞቂያው ብዙ ጊዜ ለቁጠባ ተብሎ ይወጣል። ስሕተት ነው። አየሩ ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ ውሃ ክሩ ላይ ከማላብ ይርቃል፣ በተለይም ሙቀቱ ቋሚ ይሆናል። የደጋ ሌሊትና ቀን የሙቀት ልዩነት ሰፊ ነው፤ ሜምብሬን ደግሞ ሲሞቅ ብዙ ያሳልፋል ግን መምረጡ ይቀንሳል፣ ሲቀዘቅዝ ተቃራኒው ነው። ማሞቂያ የሌለው መሣሪያ ንጋት ላይና ከሰዓት በኋላ የተለያየ ንጽሕናና ፍሰት ሊሰጥ ይችላል፤ ባለሙያው ቫልቭ ሲያሽከረክር ይውላል።

ችግር ሲመጣ መለየቱ ያን ያህል አይከብድም። ንጽሕናው በአንድ ጊዜ ከወደቀ የተሰበረ ክር ወይም የተሰነጠቀ ኢፖክሲ ነው፤ የእያንዳንዱን ቱቦ ኦክስጅን ለየብቻ መለካት ጥፋተኛውን ያሳያል። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ፍሰቱ ከቀነሰ ዘይት ነው፣ ወይም የፖሊመሩ የራሱ መጠጠር ነው፤ አዲስ ሜምብሬን በመጀመሪያው ዓመት ሰንሰለቶቹ እየተጠጋጉ ጥቂት አሳላፊነት ያጣል፣ ይህ በግዢው መጠን ላይ መታሰብ አለበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጋዝ ንጹሕ አይደለም፤ መለኪያው የተፈለገውን ንጽሕና እስኪያሳይ ድረስ ወደ ውጭ የሚለቅ ማለፊያ ቫልቭ ከሌለ፣ መብራት በቀን አምስቴ በሚቋረጥበት ከተማ ማከማቻው ቀስ በቀስ በተራ አየር ይሞላል።

ባዮጋዝ፦ ማጥራት እሳት አይጨምርም

የብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር አማራ ክልል ከተጀመረባቸው አራት ክልሎች አንዱ ነበር። እበት የሚብላላበት፣ «ስንዱ» የሚባለው ጉልላት ማብላያ ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ ነው። ከማብላያው የሚወጣው ጋዝ 60 በመቶ ያህሉ ሚቴን፣ የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። «ካርቦኑ ቢወጣለት ምጣዱ በተሻለ አይሰማም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ግን አይደለም ነው፤ የሚቴኑ መጠን በቀን ያው ነው። ማጥራት ጋዙን በትንሽ ቦታ ለመያዝ ይጠቅማል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ቤት ውስጥ ለሚነድ ጋዝ ከሜምብሬን ይልቅ የምጣዱን ማቃጠያ ማስተካከል ነው የሚያዋጣው።

ማጥራት ትርጉም የሚኖረው ጋዙን በሲሊንደር ሞልቶ መኪና ለማንዳት ወይም ሩቅ ለመውሰድ ሲፈለግ ነው። ያ ስንት ጋዝ ይፈልጋል? በሰዓት 50 ሜትር ኩብ የሚያጠራ መሣሪያ እንኳ ትንሽ ይባላል፤ በቀን 1,200 ሜትር ኩብ ማለት ነው። አንድ ኪሎ እርጥብ እበት 0.04 ሜትር ኩብ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ በቀን 30 ቶን እበት፣ ከአንድ ከብት 10 ኪሎ ቢሰበሰብ 3,000 ከብት በአንድ ግቢ። የጎጃም ገበሬ ከብት ግን በየሜዳው ነው የሚውለው። የሚቀረው እንደ ጣና በለስ ያለ የስኳር ፋብሪካ ዝቃጭ፣ ወይም የቡሬው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሞላ የሚኖረው ፍሳሽ ነው። የጣናን እንቦጭ ለዚህ የሚያጩም አሉ፤ ከመቶ ከ90 በላዩ ውሃ የሆነ አረም በመኪና ማመላለስ ውሃ ማመላለስ ነው፣ ማብላያው ሐይቁ ዳር ካልሆነ አያዋጣም።

መጠኑ ካለ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ቀዳሚው ጠላት ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ። 2,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 2,000 እጅ) ቢኖርበት በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ጋዝ በቀን 3.4 ኪሎ ይዞ ይመጣል። እሱን የሚይዘው ዝገት ነው፤ የዛገ የቶርኖ ፍቅፋቂ ከሰጋቱራ ጋር ተቀላቅሎ በጋን ይሞላል። በንድፈ ሐሳብ አንድ ኪሎ ንጹሕ የብረት ዝገት 0.64 ኪሎ ይይዛል፤ በቀን ከ5 ኪሎ በላይ ዝገት ማለት ነው። አየር በማስነካት ዝገቱን ማደስ ይቻላል፤ ነገር ግን ጥቁር የሆነው ፍቅፋቂ አየር ሲያገኝ ይሞቃል፣ ደረቅ ከሆነ ሰጋቱራውን ያነዳል። ጋኑ ሲከፈት በውሃ አርሶ ማውጣት ግዴታ ነው።

ከዚያ ከ10 እስከ 16 ባር ተጨምቆ ፖሊኢሚድ ከተባለ ፕላስቲክ በተሠራ ሜምብሬን እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ካርቦኑ ይሾልካል፣ ሚቴኑ በግፊቱ ይቀራል። አንድ ዙር ብቻ ከሆነ 97 በመቶ ሚቴን ለማግኘት፣ 35 እጥፍ በሚመርጥ ሜምብሬን በጥሩ ሒሳብም 9 በመቶው ሚቴን አብሮ ይሾልካል፤ በተግባር ከ10 እስከ 20። ገንዘብ ከማባከኑ ሌላ፣ ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ የሾለከውን መልሶ የሚያጠራ ሦስት ዙር ይሠራል፤ ብክነቱ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ግፊቱን ከዚያ በላይ ማብዛት አይመከርም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ራሱ ፖሊመሩን ያለሰልሰዋል፣ ሰንሰለቶቹ ይላላሉ፣ ሚቴኑም አብሮ ማለፍ ይጀምራል። ከ1,200 ሜትር ኩብ የሚገኘው 720 ሜትር ኩብ ሚቴን ወደ 700 ሊትር ናፍጣ የሚጠጋ ጉልበት አለው፤ ወደ 200 ባር ተጨምቆ በሲሊንደር ይሞላል።

ከመፈረም በፊት

ውል ላይ ሊጻፍ የሚገባው «በሰዓት ይህን ያህል ሜትር ኩብ» ብቻ ሳይሆን፣ በ0.75 ባር የአየር ግፊት፣ በተወሰነ ሙቀት፣ በተወሰነ ንጽሕና፣ ከአንድ ዓመት ሥራ በኋላ የሚለው ነው። መረከቢያው ሙከራ በግንቦት ሳይሆን በሐምሌ ቢደረግ ይመረጣል፤ የውሃ መለያውና ማድረቂያው እውነተኛ ጉልበታቸው የሚታየው ያኔ ነው። የኦክስጅን መለኪያው የራሱ ዕድሜ አለው፤ ርካሹ የኬሚካል ዓይነት ከጥቂት ዓመት በኋላ ያልቃል፣ ትርፍ ከሌለ ዕቃውን ያለ መለኪያ ማሽከርከር ይጀመራል።

ናይትሮጅን የሚነፋበት ክፍል ደግሞ በር ላይ ጽሑፍ ብቻ አይበቃውም። በከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ይቀድመዋል፤ ናይትሮጅን ምንም ምልክት አይሰጥም። ኦክስጅኑ ከ10 በመቶ በታች በሆነበት ማቀዝቀዣ ክፍል የገባ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም እንዲሁ። ለአቮካዶ የተባለው 4 በመቶ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። በ19.5 በመቶ የሚጮህ መለኪያ ከውጭ በሩ አጠገብ፣ ሌላው በውስጥ፣ በሩ ሲከፈት ናይትሮጅኑን የሚዘጋ ቫልቭ፣ ከመግባት በፊት ክፍሉን በአየር ማናፈስ። ከሜምብሬኑ ጎን የሚሾልከው ኦክስጅን የበዛበት ጋዝ ደግሞ በቱቦ ከቤት ውጭ፣ ከብየዳ ቦታና ከዘይት በርሜል ርቆ መውጣት አለበት።